ከታሪክ ሠሪዎቹ ካሜራዎች የቱ ይሻላችኋል?

የፊልም ካሜራ መሞከር የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ስም ይዞ ነው የሚመጣው። «ላይካ ልያዝ ወይስ ኒኮን? ሮሌፍሌክስስ እንዴት ነው?» ይለኛል። እኔም ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ፎቶ ስታነሳ ዓይንህ የት እንዲሆን ትፈልጋለህ?

ጥያቄው መጀመሪያ ግራ ያጋባል። ግን የፎቶግራፍን ታሪክ የለወጡትን ካሜራዎች ጠረጴዛ ላይ ደርድራችሁ አንድ በአንድ ብታነሷቸው ነገሩ ይገባችኋል። አንዱ ፊት ላይ ይለጠፋል። አንዱ ደረት ላይ ተንጠልጥሎ ከላይ ቁልቁል ይታያል። አንዱ ሁለት እጅና ጠንካራ ትከሻ ይፈልጋል። አንዱ ፎቶውን እዚያው አውጥቶ ይሰጣችኋል። ስማቸው የገነነው ምስላቸው ስለጠራ ብቻ አይደለም። ፎቶ አንሺው የሚቆምበትን ቦታና አኳኋን ስለለወጡ ነው። እሱ ሲለወጥ ደግሞ ፊት ለፊቱ ያለው ሰውም ይለወጣል።

ስለዚህ እዚህ በዝና አላወዳድራቸውም። እጃችሁ ሲገቡ ምን እንደሚያደርጓችሁ፣ ዛሬ ፊልምና ባትሪ ይገኝላቸው እንደሆነ፣ የት ላይ እንደሚያስቸግሩ ነው የማየው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከምርጫው የሚወጡት፣ እና አንድ የሚቀር

አንዳንዶቹ ዓለምን ቀይረዋል፣ ግን ለሙዚየም እንጂ ለእጅ አይሆኑም። በ1839 ፓሪስ ውስጥ አልፎንስ ዢሩ የሠራው፣ በፈረንሳዊው ሉዊ ዳጌር ዘዴ የሚሠራው የዳጌር ካሜራ ለገበያ ተብለው ከተሠሩት የመጀመሪያው ነው። ምስሉ የሚወጣው በብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ነው፣ የሚታየውም በሜርኩሪ ጭስ ከታጠነ በኋላ። ሜርኩሪ ደግሞ መርዝ ነው። ለጀማሪ አልመክረውም።

በ1888 ጆርጅ ኢስትማን ያወጣው ኮዳክ 100 ፎቶ የሚያነሳ ፊልም ተጎርሶበት በ25 ዶላር ይሸጥ ነበር። ፊልሙ ሲያልቅ ካሜራው እንዳለ አሜሪካ ሮቸስተር ከተማ ወዳለው ፋብሪካ ይላካል። እዚያ ፊልሙ ታጥቦ፣ ፎቶው ታትሞ፣ አዲስ ፊልም ገብቶለት ይመለሳል። «እናንተ ቁልፉን ተጫኑ፣ የቀረውን እኛ እንሠራለን» የሚለው ማስታወቂያ የዚህ ካሜራ ነው። ፎቶ ማንሳትን ከኬሚካልና ከጨለማ ክፍል ያላቀቀው እሱ ነው። ዛሬ ግን ፊልሙ የለም።

የኮዳኩ ኢንጂነር ስቲቨን ሳሰን በ1975 የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራም ያው ነው። 0.01 ሜጋፒክሰል ብቻ ነበረው። አንድ ፎቶ ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ ሁሉ የእሱ የልጅ ልጅ ነው፣ እሱን ግን መግዛት አይቻልም።

ከጥንቶቹ አንድ ዛሬም የሚሠራ አለ። ብራውኒ። የመጀመሪያው ብራውኒ በ1900 በ1 ዶላር ነው የወጣው። ከካርቶን የተሠራ ሳጥን ነው። ልጅ ሊገዛው እንዲችል ታስቦ ነበር፣ ልጅም ገዛው። የእሱ ፊልም ከገበያ ጠፍቷል። በ1901 የመጣው ቁጥር 2 ብራውኒ ግን 120 የሚባለውን ፊልም ይዞ መጣ። ያ ፊልም እስከ ዛሬ ይመረታል! ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የካርቶን ሳጥን ውስጥ አዲስ ፊልም አስገብታችሁ 8 ፎቶ ማንሳት ትችላላችሁ። ኔጋቲቩ 6 በ9 ሴንቲሜትር ነው፣ ትልቅ ነው።

ብራውኒ ፎከስ የለውም። ፍጥነት፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ አትመርጡም። ፀሐይዋን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ፣ ሦስት ሜትር ያህል ርቃችሁ፣ ሳጥኑን ሆዳችሁ ላይ ደገፍ አድርጋችሁ ትጫናላችሁ። የማሊው ፎቶ አንሺ ማሊክ ሲዲቤም መጀመሪያ የያዘው ካሜራ ብራውኒ ነበር። አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጣችሁ። ከዚያ በኋላ የወጡ ብዙ ብራውኒዎች 620 ወይም 127 ፊልም ነው የሚወስዱት። 620 ከ120 ጋር አንድ ዓይነት ፊልም ሆኖ የተጠቀለለበት እንዝርት ብቻ ይቀጥናል። ስለዚህ ጨለማ ውስጥ ወደ ቀጭኑ እንዝርት መገልበጥ ይቻላል። ፊልሙን ሳትጠይቁ ብራውኒ አትግዙ።

ላይካ፦ ሕዝብ መሃል ለሚራመድ

ኦስካር ባርናክ ጀርመን ቬትስላር ከተማ ውስጥ በኤርንስት ላይትስ ፋብሪካ የሚሠራ መካኒክ ነበር። አስም ነበረበት። የዘመኑን ከባድ ካሜራና ሰሌዳ ተሸክሞ መውጣት ይከብደው ነበር። ስለዚህ የሲኒማ ፊልም ወስዶ በአግድም የሚያሳልፍ ትንሽ ካሜራ ሠራ። የሲኒማውን አንድ ፍሬም እጥፍ አድርጎ 24 በ36 ሚሊሜትር አወጣው። ዛሬ በዲጂታሉ ዓለም ፉል ፍሬም የምንለው መጠን ይኸው ነው። የመጀመሪያው ናሙና በ1914 ገደማ ተሠርቶ ነበር። በ1925 ላይካ በላይፕዚግ የንግድ ትርዒት ለገበያ ቀረበ።

ከዚያ በፊት ፎቶ አንሺ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ከዚያ በኋላ መራመድ ጀመረ። ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ ኦንሪ ካርቲዬ-ብሬሶን በ1932 ላይካ ያዘ፣ ብዙውን ሥራውን የሠራውም በአንድ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ነው።

ብዙ ሰው የሚመኘው በ1954 የወጣውን ኤም3 ነው። ለምን እንደሆነ የሚገባው በመስኮቱ ሲያዩ ነው። መሃል ላይ ትንሽ ብሩህ አራት ማዕዘን አለች። እዚያች ውስጥ የሰውዬው አፍንጫ ሁለት ሆኖ ይታያል። የሌንሱን ቀለበት ስታዞሩ ሁለቱ አፍንጫዎች ይቀራረቡና አንድ ይሆናሉ። በቃ፣ ፎከስ ሆኗል። ምስሉ አይደበዝዝም፣ ሁሉም ነገር እንደ ንጹህ መስኮት ጥርት ብሎ ይታያል። ከፍሬሙ መስመር ውጭ ያለውንም ታያላችሁ። ሰው ወደ ፍሬሙ ሊገባ ሲል ቀድማችሁ ታውቃላችሁ። መንገድ ላይ ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም። ሲጫንም ድምፁ ትንሽ ነው፣ ውስጡ የሚገላበጥ መስታወት የለውም።

ችግሩንም ልናገር። የምታዩት በሌንሱ ሳይሆን በጎኑ ባለ መስኮት ነው። የሌንሱን ክዳን ሳታነሱ 36 ፎቶ ብታነሱ ካሜራው አይነግራችሁም። የዘመኑ ሌንሶች አብዛኞቹ ከ1 ሜትር በታች አይቀርቡም፣ ስለዚህ ፊት ብቻ የሚሞላ ፎቶ አይሆንላችሁም። ኤም3 ብርሃን መለኪያ የለውም። ፊልም የሚገባው ከታች ነው፣ እጅ እስኪለምድ ያናድዳል። ኤም3 የ50፣ የ90 እና የ135 መስመር ብቻ ነው ያለው። ሰፋ አድርጋችሁ በ35 ማየት ከወደዳችሁ በ1950ዎቹ መጨረሻ የወጣው ኤም2 ይሻላችኋል።

እኔ እንደማየው ላይካ ትክክለኛ የሚሆነው በአንድ ሌንስ ለመኖር ለወሰነ ሰው ነው። ሌንስ እየቀያየረ ወፍም፣ ሠርግም፣ አበባም ለሚያነሳ አይሆንም። ዋጋው ደግሞ ከሥራው በላይ ነው፣ ስሙም አብሮ ይሸጣል። ስሜቱን ለመቅመስ የፈለገ በ1972 የወጣውን ካኖኔት ጂ3 ይሞክር፣ ያው ሁለት ምስል የማገናኘት ሥርዓት አለው። ዩክሬን ካርኪቭ ውስጥ ከ1934 ጀምሮ የተሠራው ፌድ ደግሞ የላይካ 2 ግልባጭ ነው። በፌድና በወንድሙ ዞርኪ ላይ አንድ ሕግ አለ። መጀመሪያ ፊልሙን አሳልፉ፣ ከዚያ በኋላ ፍጥነቱን ምረጡ። ተገላቢጦሽ ካደረጋችሁ ውስጡ ሊበላሽ ይችላል።

የላይካ ተፎካካሪ የነበረው ኮንታክስም ይጠቀሳል። የጦርነት ፎቶ አንሺው ሮበርት ካፓ በ1944 ኖርማንዲ ባሕር ዳርቻ ላይ የያዘው ኮንታክስ 2 ነበር። ቆንጆ ካሜራ ነው። ግን የሻተሩ፣ ማለትም ብርሃን ለቅጽበት የሚያስገባው መዝጊያ፣ ሳንቃዎች የተያያዙት በሐር ጥብጣብ ነው፣ ጥብጣቡም ያረጃል። ጠጋኝ በእጃችሁ ከሌለ አትንኩት።

ባለ መስታወቶቹ፦ የምታዩትን ማግኘት ለምትፈልጉ

በኤስኤልአር ካሜራ የምታዩት በራሱ በሌንሱ ነው። መስታወት ብርሃኑን ወደ ላይ ይመልሰዋል፣ ላይ ያለው ፕሪዝም አቃንቶ ወደ ዓይናችሁ ያመጣዋል። ቁልፉን ስትጫኑ መስታወቱ ብድግ ይልና ለቅጽበት ሁሉም ይጨልማል። ማለትም ፎቶው የተነሳባትን ቅጽበት እናንተ አታዩአትም። በላይካ ግን ታዩአታላችሁ። ለብዙ ሰው ይህ ምንም አይደለም፣ ለአንዳንዱ ግን ሁሉ ነገር ነው።

ሐሳቡ አዲስ አልነበረም። ድሬስደን ላይ የተሠራው ኪኔ ኤግዛክታ በ1936 ወጥቷል። ነገር ግን ሥራውን የቀየረው በ1959 የመጣው ኒኮን ኤፍ ነው። ኒኮን ከዚያ በፊት የተበታተኑትን ሐሳቦች አንድ ላይ ሰበሰበ። መመልከቻው ይነቀላል፣ ሌላ ይገባል። ጀርባው ይነሳል፣ በሞተር የሚያሳልፍ ይገጠማል። ሌንሱ ከሰፊው እስከ ረጅሙ ይደረደራል። መመልከቻው ፊልሙ ላይ የሚያርፈውን 100% ያሳያል። ጋዜጠኞች ሁሉ ወደ እሱ ሄዱ። የእንግሊዛዊው የጦርነት ፎቶ አንሺ የዶን ማኩሊን ኒኮን ኤፍ ጥይት አስቁሟል። ለአንባቢ ታሪክ ነው፣ ለገዢ ግን የብረቱን ውፍረት የሚናገር ማስረጃ ነው።

ዛሬ ኒኮን ኤፍ ይያዝ? ከባድ ነው። ፊልም ስታስገቡ ጀርባውና ታችኛው ክፍል አንድ ላይ ተነቅሎ እጃችሁ ላይ ይቀራል፣ የምታስቀምጡበት ትፈልጋላችሁ። ብርሃን መለኪያ ያለው ፎቶሚክ መመልከቻ ለሜርኩሪ ባትሪ የተሠራ ነው፣ ያም ባትሪ ከገበያ ወጥቷል። መለኪያ የሌለው ባለ ተራ ፕሪዝሙ ግን ውብ ነው፣ ምንም ባትሪ አይፈልግም። ብርሃንን በዓይን መገመት ለለመደ ወይም በስልኩ ለሚለካ ሰው ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ካሜራ ነው።

ለጀማሪ ግን ሌላ ስም እሰጣለሁ። ፔንታክስ ኬ1000። ከ1976 እስከ 1997 ተመርቷል፣ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ምንም አያምርም። ምንም ትርፍ ነገር የለውም። መመልከቻው ውስጥ በስተቀኝ አንዲት መርፌ አለች። የሌንሱን ቀዳዳ ስታጠቡ ወይም ፍጥነቱን ስትቀይሩ መርፌዋ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። መሃል ስትሆን ብርሃኑ ተስተካክሏል። ብርሃን፣ ቀዳዳና ፍጥነት እንዴት እንደሚተሳሰሩ በአንድ ከሰዓት ይገባችኋል። ባትሪው ቢሞት የምትቆመው መርፌዋ ብቻ ናት፣ ካሜራው መሥራቱን ይቀጥላል። ማጥፊያ ቁልፍ የለውም። ሳትጠቀሙ ስትቀሩ የሌንሱን ክዳን መልሱ፣ ካልሆነ ባትሪው ያልቃል።

በዚያው ዓመት፣ በ1976፣ ካኖን ኤኢ-1 ወጣ። እሱ በተቃራኒው ነው የሄደው። ውስጡ ማይክሮፕሮሰሰር አለ፣ በኤስኤልአር የመጀመሪያው ነው። እናንተ ፍጥነቱን ትመርጣላችሁ፣ እሱ ቀዳዳውን ያስተካክላል። ልጅ ሲሮጥ ለማንሳት በጣም ይመቻል። ግን የ6 ቮልት ባትሪው ካለቀ ጨርሶ አይጫንም። ያረጁት ደግሞ ሲጫኑ እንደ ሳል ያለ ድምፅ ያሰማሉ፣ የመስታወቱ ማርሽ ዘይት ደርቆ ነው። ይጠገናል፣ ዋጋ ስትደራደሩ ግን ጆሯችሁን ስጡት። ሁለቱን ስመዝን፣ መማር የሚፈልግ ኬ1000፣ ማንሳት ብቻ የሚፈልግ ኤኢ-1 ይያዝ እላለሁ።

ሁለቱም ለከበደበት ሰው ኦሊምፐስ ኦኤም-1 አለ። ዮሺሂሳ ማይታኒ የነደፈው ነው፣ በ1972 ወጣ። ገላው 510 ግራም ብቻ ነው። የፍጥነቱ ቀለበት ያለው ሌንሱ ዙሪያ ነው። ግራ እጃችሁ ሌንሱን እንደያዘ ፎከሱንም፣ ቀዳዳውንም፣ ፍጥነቱንም ያዞራል፣ ዓይን ከመስኮቱ አይነሳም። እኔ ከባለ መስታወቶቹ ሁሉ ለእጄ የሚቀርበኝ ይህ ነው። የእሱም መለኪያ የሜርኩሪ ባትሪ ነው የሚፈልገው። የመስሚያ መርጃ ባትሪ 1.4 ቮልት ስለሆነ በቀለበት ተደግፎ ይሠራለታል፣ ግን በጥቂት ሳምንት ያልቃል።

ሮሌፍሌክስ፦ ለሰው ፊት

በ1929 የጀርመኑ ፍራንከና ሃይደከ ፋብሪካ ሁለት ሌንስ አንዱን ካንዱ በላይ አድርጎ አወጣ። ላይኛው ለማየት ነው፣ ታችኛው ለማንሳት። ክዳኑን ትከፍቱና አንገታችሁን ደፍታችሁ ቁልቁል ታያላችሁ። ደብዛዛ መስታወት ላይ ዓለም በአራት ማዕዘን ተቀምጧል። ግራው ቀኝ ሆኗል። ሰውዬው ወደ ግራ ሲሄድ እናንተ ካሜራውን በተሳሳተ አቅጣጫ ታዞራላችሁ። የመጀመሪያው ሳምንት እንዲህ ነው። ከዚያ እጅ ይለምዳል።

አሁን ፊት ለፊት የተቀመጠውን ሰው አስቡት። በላይካም በኒኮንም የሚያየው በብረት የተሸፈነ ፊት ነው። በሮሌፍሌክስ ግን ፊታችሁ ክፍት ነው። አንገታችሁን ደፍታችኋል፣ እጅ የነሳችሁ ትመስላላችሁ። እያወራችሁት ነው። ካሜራው ደረታችሁ ላይ ስለሆነ ከላይ ወደ ታች አያየውም፣ ትንሽ ከፍ አድርጎ ያሳየዋል። የሚያፍር ሰው፣ ሽማግሌ፣ ልጅ፣ ሁሉም ይዝናናል። ይህን ልዩነት ያላየ ሰው በቃል አይገባውም፣ ኔጋቲቩ ታጥቦ ሲወጣ ግን ፊታቸው ላይ ያየዋል።

ኔጋቲቩም ትልቅ ነው። 6 በ6 የሚባለው ፍሬም ከ35 ሚሊሜትሩ ፊልም በስፋት ሦስት እጥፍ ተኩል ያህል ነው። በትልቁ ሲታተም የቆዳው ልስላሴ ሌላ ነው። በአንድ ሮል 12 ፎቶ ብቻ ስለሚነሳ ደግሞ እያንዳንዷን ታስቡባታላችሁ።

ቪቪያን ማየር የምትባል ሞግዚት ቺካጎ ውስጥ ለዓመታት ሮሌፍሌክስ አንግታ መንገድ ለመንገድ ስታነሳ ኖረች። ሥራዋን ዓለም ያወቀው ሳጥኖቿ በ2007 በጨረታ ከተሸጡ በኋላ ነው። ፎቶዎቿን ስታዩ ሰዎቹ ብዙ ጊዜ ካሜራውን ልብ ያላሉት ይመስላሉ። በመስታወትና በሱቅ መስኮት ራሷን ያነሳችባቸው ፎቶዎች ላይ ካሜራው የት እንዳለ ተመልከቱ። ደረቷ ላይ ነው።

ድክመቱ፣ ሌንሱ አይነቀልም። ቅርብ ስትነሱ ላይኛው ሌንስ የሚያየውና ታችኛው የሚያነሳው ትንሽ ይለያያል። የሚሮጥ ነገር መከተል ከባድ ነው። ሮሌፍሌክሱ ከተወደደባችሁ የዚያው ፋብሪካ ታናሽ ልጅ ሮሌኮርድ ጥሩ ነው። የጃፓኑ ያሺካ-ማት 124ጂም በደንብ ያገለግላል። ሌንስ መቀየር ለሚፈልግ ማሚያ ሲ330 አለ፣ ግን ክብደቱን ቀድማችሁ ሞክሩት።

ብዙ ሰው ሮሌፍሌክስን ከሃሰልብላድ ጋር ያወዳድራል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ፊልም፣ አንድ ዓይነት ፍሬም ናቸው። የስዊድኑ ቪክቶር ሃሰልብላድ በ1957 ያወጣው 500ሲ ግን ዕቃው ሁሉ ይፈታታል። ሌንሱ፣ መመልከቻው፣ ፊልሙ ያለበት ጀርባ ጭምር። ግማሽ ሮል ጥቁርና ነጭ አንስታችሁ ጀርባውን ነቅላችሁ ቀለም ማስገባት ትችላላችሁ። ፍላሽ በማንኛውም ፍጥነት ይሠራለታል፣ ሻተሩ ያለው ሌንሱ ውስጥ ስለሆነ። ስቱዲዮዎች የወደዱት ለዚህ ነው። በ1962 ጠፈርተኛው ዎሊ ሺራ አንድ 500ሲ ይዞ ወደ ጠፈር ወጣ። በ1969 ጨረቃ ላይ የተነሱት ፎቶዎችም በሃሰልብላድ ነው የተነሱት። ሲመለሱ ክብደት ለመቀነስ ካሜራዎቹን እዚያው ትተው ፊልሙን ብቻ ይዘው መጡ። ያ ተነቃይ ጀርባ እዚያም ጠቀመ።

በእጅ ላይ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ሲጫን «ጓ» ይላል። መስታወቱ አይመለስም፣ እስክታሳልፉት መስኮቱ ጨለማ ነው። ሌንስ ስትነቅሉ ካሜራውም ሌንሱም ለቀጣዩ ፎቶ የተወጠሩ መሆን አለባቸው፣ ካልሆነ ተቆልፎ ይቀራል። ጀርባው ላይ ያለውን ቀጭን ብረት ካላወጣችሁ አይጫንም። በሦስት እግር ላይ ረጋ ብሎ ለሚሠራ ሰው ከሃሰልብላድ የሚበልጥ የለም። ሰው ቤት ሄዶ ሻይ እየጠጣ ፎቶ ለሚያነሳ ግን ያለ ማመንታት ሮሌፍሌክስ።

ስፒድ ግራፊክ

በ1912 ሮቸስተር ላይ የጀመረው ይህ ካሜራ ለአሥርት ዓመታት የአሜሪካ ጋዜጠኞች መታወቂያ ነበር። ፎቶ ጋዜጠኛው ጆ ሮዘንታል በ1945 በጃፓኗ ደሴት ኢዎ ጂማ ላይ የአሜሪካ ባንዲራ ሲተከል ያነሳው በዚህ ነው። ፊልሙ ሮል አይደለም፣ 4 በ5 ኢንች የሆነ አንድ አንድ ቅጠል ነው። አንድ መያዣ ሁለት ቅጠል ይይዛል። ሁለት አንስታችሁ መያዣ ትቀይራላችሁ። ትልቅ ፎርማት መማር የሚፈልግ፣ ፊልሙን በራሱ የሚያጥብ ሰው ከሆናችሁ ጥሩ መግቢያ ነው። ካልሆናችሁ እለፉት።

ፖላሮይድ ኤስኤክስ-70፦ ፎቶውን ለመስጠት

የፖላሮይድ መሥራች ኤድዊን ላንድ ፎቶውን እዚያው የሚያወጣውን የመጀመሪያ ካሜራ በ1948 ቦስተን ውስጥ ለሽያጭ አቀረበ። ተአምር የሚባለው ግን የ1972ቱ ኤስኤክስ-70 ነው። ተጣጥፎ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ሲከፈት ባለ መስታወት ካሜራ ይሆናል። ፎቶው በራሱ ይወጣና እጅ ላይ እያለ ቀስ ብሎ ይታያል።

ከሌሎቹ ጋር ማወዳደር ያስቸግራል፣ ዓላማው ሌላ ነውና። እዚህ ኔጋቲቭ የለም። ያቺ ወረቀት አንድ ናት። ላነሳችሁት ሰው ከሰጣችሁት እናንተ ጋ ምንም አይቀርም። አንድ አዛውንት አንስቼ ፎቶውን ስሰጣቸው ምስሉ እስኪወጣ ድረስ በሁለት እጃቸው ይዘውት አንድ ቃል አልተናገሩም። መጀመሪያ ነጠላቸው ታየ፣ ከዚያ ፊታቸው። ሌላ ካሜራ ይህን አይሰጥም።

ስትገዙ ፊልሙን አትሳሳቱ። ፖላሮይድ በ2008 ፊልም ማምረት ሲያቆም ሌሎች የኔዘርላንዱን ፋብሪካ ይዘው ቀጥለውታል፣ ስለዚህ ይገኛል። አንድ ጥቅል 8 ፎቶ ነው፣ ውድም ነው። በሳጥኑ ላይ «ኤስኤክስ-70» የሚለውን ነው የምትፈልጉት። «600» ብርሃን ይበዛበታል። «አይ-ታይፕ» የሚለው ባትሪ ስለሌለው አሮጌውን ካሜራ አያንቀሳቅሰውም። ፊልሙ ፎቶ ሲነሳበት ብርሃን ይወዳል፣ ብርድ አይወድም። ሲወጣ ወዲያው በጥላ ሸፍኑት።

ፊልም የማትፈልጉ ከሆነ

ከዲጂታሎቹ ሁለት ስም ይበቃል። የ1999ኙ ኒኮን ዲ1 ጋዜጦችን ከፊልም ያስወጣ ነው፣ ግን 2.7 ሜጋፒክሰል ብቻ ስለሆነ ዛሬ ለሰብሳቢ ነው። በ2008 የወጣው ካኖን 5ዲ ማርክ 2 ግን አሁንም ይሠራል። 21 ሜጋፒክሰል፣ ፉል ፍሬም ነው። ሙሉ ኤችዲ ቪዲዮ ስለሚቀርጽ ለትናንሽ ፊልም ሠሪዎች በር ከፈተ። ሁለቱም የሚወስዱት ኮምፓክት ፍላሽ የተባለውን ትልቁን ካርድ ነው። የካርዱን ማንበቢያ አብራችሁ ያዙ።

ከመክፈላችሁ በፊት

አሮጌ ካሜራ ስገዛ የማደርገውን ልንገራችሁ። ፊልም ሳይኖር ጀርባውን እከፍታለሁ። ፍጥነቱን 1 ሰከንድ ላይ አድርጌ እጫናለሁ፣ በአፌ «አንድ ሺህ አንድ» እላለሁ። ካሜራው ከእኔ ቀድሞ ወይም በጣም ዘግይቶ ከጨረሰ ጥገና ይፈልጋል። በባትሪ የሚሠራ ከሆነ የባትሪውን ቤት እከፍታለሁ፣ አረንጓዴ ዱቄት ካለ አስባለሁ። ሌንሱን በብርሃን አሳልፌ አያለሁ። ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ እመልሳለሁ። ትንሽ አቧራ ምንም አይደለም።

የጀርባው ክዳን ጠርዝ ላይ ብርሃን የሚከለክል ጥቁር ስፖንጅ አለ። በጥፍራችሁ ነካ አድርጉት። እንደ ሬንጅ ከተጣበቀ አልቋል። እኔ አንድ ጊዜ ይህን ሳላይ ገዛሁ። ሻጩ «ምንም አልሆነም» ብሎኝ ነበር። ሁለት ሮል አንስቼ ሳሳጥብ በሁሉም ላይ ከጠርዙ ጀምሮ ብርሃን ገብቶ ነበር። ስፖንጁ በቀላሉ ይቀየራል፣ የጠፉት ፎቶዎች ግን የአጎቴ ልጅ የተመረቀችበት ቀን ነበሩ።

ሌላው በባለ 35 ሚሊሜትሮቹ ላይ የደረሰብኝ ነው። አንድ ቀን ሙሉ ስዞር ዋልኩ። ቆጣሪው 36 አለ። 37፣ 38 አለ። ደስ አለኝ፣ ፊልሙ ረዘም ያለ መሰለኝ። ስከፍተው የፊልሙ ጫፍ ከእንዝርቱ ወልቆ መጀመሪያ ካስገባሁበት ንቅንቅ አላለም። አንድም ፎቶ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ፊልም ሳስገባ ክዳኑን ከዘጋሁ በኋላ በስተግራ ያለውን የመመለሻ እጀታ በቀስታ አዞረዋለሁ፣ ፊልሙ እስኪወጠር ድረስ። ከዚያ አሳልፋለሁ። ሳሳልፍ ያ እጀታ አብሮ መዞር አለበት። ኬ1000 ላይም፣ ኦኤም-1 ላይም፣ ኤኢ-1 ላይም ያው ነው። ካልዞረ ፊልሙ አልያዘም ማለት ነው። ክፈቱና እንደገና አስገቡት።